«ቤቶች!» ያለችው ልጅ

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አልጠራም፤ ታሪኩን ስትነግረኝ «ለሰው ይንገሩልኝ፣ ስሜን ግን ይተዉት» ብላኛለች። ልጇን ግን ስመኝሽ እንበላት። የእውነት ስሟም ከዚህ ብዙ አይርቅም። እናትየው ካገባች በኋላ ለብዙ ዓመት ልጅ አጥታ፣ ጸበል ለጸበል ተንከራትታ፣ ስለት ተስላ ያገኘቻት አንዲት ልጅ ናት። ይህንን ያዙልኝ። ይህች ልጅ በልመና የመጣች ልጅ ናት።

እንዳትሳሳቱ፣ ሴትየዋ ክፉ አይደለችም። ስለ ክፉ እናት ላወራላችሁ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ሁላችሁም ተደላድላችሁ በሰማችሁኝ፤ «ይሄ እኔን አይመለከትም» ብላችሁ። ይህች ሴት ልጇን ትኩሳት ሲይዛት አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታነጋ ናት። ፀጉሯን በየሳምንቱ አጥባ የምትሠራላት፣ ልብሷን ተኩሳ የምታለብሳት ናት። ቤቷ ከመንደሩ ሁሉ የጸዳ ነው። ደግሞም እንግዳ ተቀባይ ናት፤ በዚህ ስሟ የተጠራ ነው። «እሷ ቤት ገብቶ ተከፍቶ የወጣ የለም» ይባልላታል።

እሷ ቤት ገብቶ ተከፍቶ የወጣ የለም። እውነት ነው። ግን የተወራው ወደ ቤቱ ስለሚገባው ሰው ነው። እዚያው ስለሚኖረው ማን ጠየቀ?

ሳሎኗ ውስጥ ቡፌ አለ። አትሳቁ፣ የእናንተም ቤት አለ። መስታወት ያለው ቡፌ፣ ውስጡ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች፣ የወርቅ ቅብ ያላቸው ስኒዎች። ከብርጭቆዎቹ በላይ ደግሞ አንዲት አሻንጉሊት ቆማለች። የስመኝሽ አባት ሹፌር ነው፤ አሰብ ደርሶ ሲመለስ ለልጁ የገዛላት ናት። ስትተኛ ዓይኗን የምትጨፍን፣ ስትነሳ የምትገልጥ አሻንጉሊት ናት። አባትየው ለልጁ በእጇ ሰጣት። በማግስቱ ሥራ ሲሄድ እናትየው ተቀብላ፣ ከነላስቲኳ ቡፌው ውስጥ አቆመቻት። «ትቆሽሻለች» አለች። «እንግዳ ሲመጣ ታምራለች።»

ልጅቱ ታዲያ በምን ትጫወት? ከኩሽናው ጀርባ፣ ኮክ ዛፉ ሥር፣ ከጎረቤት ልጅ ከአስካለ ጋር ዕቃ ዕቃ ትጫወታለች። ዕቃ ዕቃን የማያውቅ እዚህ መካከል አለ? ቆርኪው ሰሃን ነው። የሰርዲን ቆርቆሮው ድስት ነው። አፈር በውሃ ይበጠበጥና ሽሮ ይሆናል፤ የተገኘው ቅጠል ተቆርጦ ጎመን ይሆናል። ጨርቅ በጨርቅ ላይ ይቋጠርና ሕፃን ልጅ ይሆናል፤ ይታዘላል፣ እሹሩሩ ይባላል። እኛ የልጅ ነገር ብለን እናልፈዋለን። ልጆች ግን ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ የሚጫወቱት እኛን ነው። እኛ የምንናገረውን ይናገራሉ፣ እኛ የምንቆጣውን ይቆጣሉ። ቤታችን ውስጥ ያለውን ማወቅ የፈለገ ሰው ጓዳችንን መበርበር የለበትም፤ ልጆቻችን ሲጫወቱ ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ ቢሰማ ይበቃዋል።

እናትየው አንድ ቀን ሰማች። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ድምፅ ያሳልፋል።

«ዛሬ አንቺ እናት ሁኚ። እኔ እንግዳ ልሁን» አለች አስካለ።

«እንቢ። እንግዳዋ እኔ ነኝ።»

«ሁልጊዜ አንቺ! አንድ ቀን እንኳን እናት ሆነሽ አታውቂም። ልጅም ሆነሽ አታውቂም። ለምን?»

ስመኝሽ የአፈር ሽሮዋን አማሰለች። ከዚያ፣ «እንግዳ አይቆጡትማ» አለች።

እንግዳ አይቆጡትማ። ከየት አመጣችው? ከሳሎን ነዋ! ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግዳ ከነዚያ ብርጭቆዎች አንዱን ጥላ ሰብራለች። እናትየው ምን አለች? «ኧረ ይሰበር! ዕቃ አይደለም እንዴ? እርስዎን አልቆረጠዎትም ወይ?» አለች፤ የሴትየዋን እጅ ይዛ ጣት በጣት አየች። ከዚያ በፊት ስመኝሽ የውሃ መጠጫ ጣሳ ጥላ ነበር። ጣሳ አይሰበርም። ውሃው ነው የፈሰሰው። «እጅሽ ይቆረጥ!» ተብላለች። ልጅቱ ሁለቱንም አይታለች። እናትየው ግን አንዱንም ልብ አላለችውም፤ አፏ የለመደውን ነው የተናገረችው። በንዴት የሚወጣ እርግማን ነው፤ ከልብ አይደለም። ይህን እኛ እናውቃለን፣ እናንተም ታውቃላችሁ። ልጅቱ ግን ገና አምስት ዓመቷ ነው፤ ከልብ የሆነውንና ከአፍ የሆነውን በምን ትለየው?

እና እናትየው ያንን ስትሰማ ምን አደረገች? ሳቀች። ለጎረቤቷ፣ ለአስካለ እናት፣ እንደ ቀልድ ነገረቻት። «ምላሷን አየሽልኝ?» ተባብለው ሽንኩርታቸውን ከተፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣሁ።

ማኅበር የምታወጣበት ቀን ነበር። ተራዋ ደርሷል። ከማለዳ ጀምራ ስትጠርግ፣ ስትወለውል፣ ቄጠማ ስትጎዘጉዝ ነው የዋለችው። ስመኝሽን «ሳሎን ድርሽ እንዳትዪ» ብላ ወደ ጓሮ ሰዳታለች። ማኅበርተኞቹ ሊመጡ ሲል እሷ ጓዳ ውስጥ የመጨረሻውን ነገር እያሰናዳች ሳለ ከደጅ ድምፅ ሰማች።

«ቤቶች!»

ሰው ቤት ደርሰን ከበር ላይ እንዲህ አይደል የምንጣራው? «ቤቶች!» እንላለን፣ ከውስጥ እስኪመለስልን ደጅ ላይ እንቆማለን። እናትየውም እጇን በሽርጧ እያበሰች ወጣች። ድምፅዋ እንዴት ማር ሆኖ ነበር መሰላችሁ። «አቤት! ይግቡ! ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» እያለች፣ ፊቷ በርቶ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ በሩን ከፈተች።

ስመኝሽ ናት። የእናቷን ነጠላ ከሽቦው ላይ አውርዳ ደርባዋለች፤ መሬት ይጎትታል። የጨርቅ ልጇን በጀርባዋ አዝላለች። በጓሮው በኩል መግባት ስትችል ዞራ፣ በዋናው በር፣ እንደ እንግዳ መጥታለች። አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ ትልልቅ ሴቶች እንደሚሉት፣ «እንደምን ዋሉ? ደህና ነዎት እርስዎ?» አለች።

እናትየው እጇን አወረደች። ያ ብርሃን ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«አንቺ ነሽ እንዴ?»

ልጅቱ ወዲያው አልሸሸችም። እናትየው ስትነግረኝ ድምፅዋ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው። ልጅቱ ጥቂት ቆመች። ፊቷን ቀና አድርጋ አየቻት፤ ያ ፈገግታ ይመለስ እንደሆነ ትጠብቅ ነበር። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ምስጢር እንደምታስታውሳት ሁሉ፣ «እንግዳ እኮ ነኝ» አለች።

«ምን ያለችው ናት! ጫማሽን እዪው! የጠረግኩትን ቤት! ነጠላዬን አምጪ፣ ጥፊ ከዚህ!»

ስመኝሽ ጫማዋን አየች። ጭቃ አለበት። ነጠላውን አውልቃ ሰጠችና በመጣችበት ዞረች። ማኅበርተኞቹ መጡ፣ እናትየው በዚያው በር፣ በዚያው ድምፅ «ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ» እያለች አስገባቻቸው። ደስ ብሏቸው ዋሉ፣ መርቀው ሄዱ።

ምን ነበር የሚያስከፍላት? እስቲ ንገሩኝ። «ይግቡ እሜቴ» ብትላት ምን ይጎድልባት ነበር? አንድ ጊዜ፣ አንዲት ደቂቃ፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ ብታስቀምጣት? ያቺን በልመና ያገኘቻትን ልጅ! እግዜርን ለምኖ ልጅ ያገኘ ሰው፣ ሲያገኘው ጭቃውን ብቻ ያያል? እኔ ይህን ሳስብ እናደዳለሁ፤ የምናደደውም በእሷ ብቻ አይደለም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስመኝሽ ዕቃ ዕቃ መጫወቷን አልተወችም። ልጅ ናት፣ ተጫወተች። በዋናው በር ግን መጥታ «ቤቶች» አላለችም። እናትየውም ረሳችው።

ልጅ ያድጋል። ስመኝሽ አደገች፣ ተማረች፣ ሌላ ከተማ ሥራ ያዘች፣ እዚያው አገባች። አባትየው በመካከሉ ዐረፈ። ልጅቱ ለበዓል ትደውላለች፤ አጉድላ አታውቅም። «እንደምን ዋሉ? ጤናዎ እንዴት ነው? እግርዎን እንዴት አደረገዎት?» ትላለች። መቼ ነው «አንቺ» ማለት ትታ «እርስዎ» ማለት የጀመረችው? እናትየው ልታስታውሰው አልቻለችም። ጎረቤት ግን አድንቆላታል፤ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት፣ እናቷን አንቱ ትላለች» ተብሎላታል። እናትየውም መጀመሪያ ላይ ኮርታበታለች። እናትን አንቱ ብሎ መጥራት ክፉ ነው አላልኩም፤ በዚያ ሥርዓት ያደገ አለ፣ ያምርበታል። ስመኝሽ ግን በዚያ አላደገችም። አፏን የፈታችው «አንቺ» ብላ ነው። «እርስዎ» የሚለውን ያወቀችው ከኮክ ዛፉ ሥር፣ እንግዳ ስትሆን ነው።

ባለፈው ዓመት እናትየውን እግሯ ጨርሶ ያዛት። ብቻዋን ናት። «ናፍቀሽኛል፣ ነይ እዪኝ» ብላ አስደወለች። ልጅቱም እሺ አለች፤ ሴት ልጇን ናርዶስን ይዛ እንደምትመጣ ነገረቻት። ናርዶስ ያኔ ስመኝሽ በነበረችበት ዕድሜ ላይ ናት። አያትየው የልጅ ልጇን ከፎቶግራፍ በቀር አይታ አታውቅም።

አዘጋጀች። በምርኩዝ እየሄደች አዘጋጀች። ያቺን የድሮ የስመኝሽን አልጋ አነጠፈች፣ አዲስ አንሶላ አለበሰች። ሲመጡ እንዳይቸገሩ ብላ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። በሩ ክፍት ነው። ልብ በሉ፣ ክፍት ነው።

ከሰዓት በኋላ ከደጅ ድምፅ ሰማች።

«ቤቶች!»

ሌላ ሰው መሰላት። ልጇን እየጠበቀች ሰው በመምጣቱ ቅር ብሏት፣ ግን አፏ የለመደውን፣ በዚያው ማር በሆነው ድምፅ፣ «አቤት! ይግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!» አለች።

ስመኝሽ ናት። ልጇን በእጇ ይዛ ደፉ ላይ ቆማለች።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች እናትየው። አሁን በደስታ ነው ያለችው። እንባዋ መጥቶ ነው ያለችው። ግን ቃሉ ያው ቃል ነው። ስመኝሽ ደፉ ላይ ለቅጽበት ቀጥ አለችና አጎንብሳ ጫማዋን አየች።

ጫማዋ ንጹሕ ነበር።

ገባች። ስማ ሰላም አለቻት፣ ከሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ቢቀርብ «አይልፉ፣ ምን አስቸገረዎት» አለች። ምግብ ቢቀርብ ጥቂት ቀምሳ «እግዜር ይስጥልኝ፣ በቃኝ» አለች። ጨዋ ናት፣ አንድ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። ያመጣችውን ስኳርና ቡና ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች፤ ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም።

ናርዶስ ግን ልጅ ናት፤ ቡፌውን አየችው። አሻንጉሊቷ ዛሬም እዚያው ናት። ላስቲኩ ቢጫ ሆኗል፣ ፀጉሯ ተጣብቋል። ልጅቱ መስታወቱ ላይ አፍንጫዋን ለጠፈች። አያትየው ይህን ስታይ ልቧ ዘለለ። ያንን ስህተት የምታርምበት ቀን የመጣላት መሰላት። ምርኩዟን አንስታ፣ ቡፌውን ከፍታ፣ ላስቲኩን በጥርሷ ቀድዳ፣ አሻንጉሊቷን አወጣች። «እንቺ የኔ ዓለም፣ ተጫወቺባት» አለች።

ናርዶስ እጇን ዘረጋች።

«ተይ፣ ናርዲ» አለች ስመኝሽ፤ በቀስታ፣ ያለ ምንም ክፋት። «እንዳትነኪ። የሰው ዕቃ ነው።»

የሰው ዕቃ ነው።

እናትየው አሻንጉሊቷን እንደያዘች ቀረች። አባቷ አሰብ ድረስ ሄዶ የገዛላት፣ ለራሷ ለስመኝሽ የተገዛች አሻንጉሊት ናት። «ያንቺ እኮ ናት» ልትላት ፈለገች። ግን የማን ነበረች? ልጅቱ ከዚያች አንድ ቀን በቀር ነክታት ታውቃለች? እንግዳ ሁሉ ያያት ነበር፤ እውነትም የሰው ዕቃ ነበረች።

«ልጅቱ ደክሟታል፣ አልጋው ተነጥፏል» አለች እናትየው በመጨረሻ። «ያንቺ የድሮው አልጋ። አንሶላውን ቀይሬዋለሁ።»

ስመኝሽ ሰዓቷን አየች። «አይ፣ ላስቸግርዎ አልፈለግኩም» አለች። «አልጋ ይዘናል፣ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት። ነገ ማልደን ነው የምንሳፈረው።»

ምን ትበል እናትየው? እንግዳን በግድ አያሳድሩም። ተነስታ በምርኩዟ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው፤ እንግዳ ይሸኛል፣ ይህንንም አሳምራ ታውቃለች። «ይበቃል፣ ይመለሱ፣ እግርዎን ያምዎታል» አለቻት ልጇ። እናትየው ያን ጊዜ እጇን ያዘችና፣ «ስመኝ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ» አለቻት። «አንቺ በዪኝ። እንደ ድሮው። አንድ ጊዜ ብቻ።»

ስመኝሽ አልተቆጣችም። ልትላት ሞከረች፤ እናትየው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይታለች። ከዚያ አቀርቅራ የእናቷን ነጠላ ትከሻዋ ላይ አስተካከለችላት።

«እሺ እማዬ» አለች። «ይግቡ አሁን፣ ብርድ ነው።»

ወገኖቼ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። መጨረሻው እንዲያምር ብዬ የምጨምርበት የለኝም። ልጅቱ አልበደለችም፤ እናቷን አልረሳችም፣ አላዋረደችም። በልጅነቷ የፈለገችውን ነው ያገኘችው፣ እንግዳ ሆነች። አሁን ማንም አይቆጣትም።

እናንተስ? ማሩን ለማን ነው የምታስቀምጡት? ለባልሽ ስትናገሪና ስልክ ስታነሺ ድምፅሽ አንድ ነው? አንተስ፣ መሥሪያ ቤት ስትስቅ የዋልክ ሰውዬ፣ ያ ሳቅ በርህ ላይ ሲደርስ የት ይሄዳል? እንግዳ ሰብሮ «ይሰበር» የምትሉት ብርጭቆ ልጃችሁ ሲሰብረው ለምን ዋጋው ይወደዳል? ማኅበር እናወጣለን፣ እንመጸውታለን፣ የሰው ፊት ሲሆን ፊታችን ይበራል። እዚያው አብሮን የሚያድረው ሰው ግን ያንን ፊት ለማየት ነጠላ ደርቦ በዋናው በር መዞር አለበት?

ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ለትልቅ ሰው እርስዎ እንላለን፤ ለዳኛ እርስዎ፣ ለሹም እርስዎ። ከሁሉ በላይ የሆነውን ፈጣሪን ግን ስንለምነው ምን እንለዋለን? አንተ እንለዋለን። ማን ፈቀደልን? እሱ ነው የፈቀደው፤ እንግዳ እንድንሆንበት ስላልፈለገ ነው። ጭቃችንን ይዘን ስንመጣበት «አንተ ነህ እንዴ» ብሎ ፊቱን አላጠቆረብንም። እሱ እንዲህ አድርጎ የተቀበለን ሰዎች ሆነን፣ እኛ ልጆቻችንን እንዴት ነው የምንቀበለው?

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። በር ላይ አንድ ትንሽ ልጅ እየሮጠ ይመጣባችሁ ይሆናል። እግሩ ጭቃ ነው፣ እጁ ጭቃ ነው። «ቤቶች» አይልም፣ አያንኳኳም፣ ዝም ብሎ ይገባል፤ ምክንያቱም ገና የራሱ ቤት ይመስለዋል። ከዚያ ቀና ብሎ ፊታችሁን ያያል። ያን ጊዜ አደራ፣ ጫማውን አትዩ። ጭቃ ይጠረጋል።

ያቺ እናት ዛሬም በሯን አትዘጋም። ባለፈው እሑድ ሄጄ ጠይቄያታለሁ፤ አሻንጉሊቷን ከቡፌው አውጥታ የልጇ አልጋ ላይ አስተኝታታለች። ስመኝሽ አንድ ቀን ሳትጣራ ዘው ብላ ትገባ እንደሆነ ብላ ሶፋው ላይ ሆና በሩን ታያለች። እኔም ስደርስ በሩን ክፍት አገኘሁት። ግን ምን ላድርግ፣ ልጇ አይደለሁም፣ ደፉ ላይ ቆሜ «ቤቶች» አልኩ። ከሶፋው ላይ ብድግ ለማለት ስትሞክር አየኋት፤ ከዚያ ድምፄን ለየችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

እግዚአብሔር ልጆቻችን ሳያንኳኩ የሚገቡባት ቤት ይስጠን። አሜን በሉ፤ ብላችሁም ፈጥናችሁ ወደ ቤታችሁ ሂዱ።